ቆርቆሮ የተባለው መኪናዬ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው በሬውን «ከሲታ» ቢሉበት ይቀየማል። ልጁን «ቀርፋፋ» ቢሉበት ዱላ ያነሣል። እኔ በገዛ ግቢዬ፣ በሚስቴና በአማቴ ፊት፣ መኪናዬን «ቆርቆሮ» ሲሉብኝ ዝም ማለት ነበረብኝ? ጣልያን ከመጣም ከሄደም ስንት ዘመን ሆነው፤ ሮቢት ውስጥ ግን የዚያን ቀን ነገር ያነሣ ሰው ሁሉ ዛሬም የሚስቀው በእኔ ነው። ሠርግ ቤት ስገባ እንኳ ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አፋቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ከሰው አፍ የሰማችሁት ካለ እሱን እርሱት።

ጣልያን ከመምጣቱ በፊት እዚህ እኛ አገር አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። እኔ ቤታቸው ያደግሁ አሽከራቸው ነኝ። እኒህ ጌታ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወጡና መኪና ገዝተው ተመለሱ። መኪናው ያን ጊዜም አሮጌ ነበር፤ የሸጠላቸው ሰው ባለቤት ቀብሮ የመጣ መኪና መሆኑን አልነገራቸውም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ቆላ የወረደው በሞተሩ እንዳይመስላችሁ፤ በገመድ ነው። ከፊት ሰው በትከሻው እየደገፈው፣ ከኋላ ሰው ገመድ ይዞ እየተንፏቀቀ፣ ፊታውራሪ ውስጥ ተቀምጠው በኩራት መሪውን እያዞሩ። እኔ እግር መርገጫው ላይ ቆሜ ዝንብ አባርርላቸው ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ተነሣ፣ ሁላችንም እልል አልን፤ ከሮቢ ወንዝ ወዲያ ማዶ አንዲት ግራር ሥር ሲደርስ ደግሞ ተንዘፍዝፎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ፊታውራሪ ወርደው አንድ ጊዜ በጫማቸው መቱትና በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ። የእኔ ልብ ግን እዚያ ግራር ሥር ቀረ። ሥራ ሲቀለኝ እየሄድኩ አቧራውን እጠርግለታለሁ፣ የዝንጀሮ ኩስ እፍቅለታለሁ፣ ገብቼ እቀመጥና መሪውን እይዛለሁ። አንድ ቀን ፊታውራሪ በዚያ ሲያልፉ አዩኝና ከት ብለው ሳቁ። «ካስነሣኸው ያንተ ነው» አሉኝ። ይህን ያሉት በሰው ፊት ነው፤ ምስክር አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ክተት ተባለ፣ ፊታውራሪ ወደ ሰሜን ዘመቱ፣ በዚያው ቀሩ። ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ሰውየው ቢሞቱም ቃላቸው አልሞተም፤ እኔም ያን መኪና ሳላስነሣ አልሞትም ብዬ ማልኩ።

መኪናውን ከግራሩ ሥር ወደ ግቢዬ ያስመጣሁት በደቦ ነው። ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለሙስሊሙ የማር ብርዝ አዘጋጀን፣ በሬ ጠመድን፣ ወንዙ ደርቆ ነበርና አገሩ ሁሉ እየዘፈነ ጎትቶ አገባልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ኋላ ነው። ደቦ ማለት እኮ፣ ለማያውቅ ልንገረው፣ ጎጆህን በደቦ የከደነልህ ሰው «እኔ የከደንኩት ጎጆ» እያለ ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል። እርሻህን ያረሰልህ ሰው ምን እንደምትዘራ ይመክርሃል። የእኔን መኪና ደግሞ ያልጎተተው ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በዚህ ላይ ትውስት አለ። በእኛ አገር ትውስት እምቢ አይባልም። ወንፊት ወይም መጥረቢያ ሊዋስ የመጣን ሰው «የለኝም» ያልክ እንደሆነ፣ ነገ ቤትህ ሲቃጠል ውሃ የሚያቀብልህ አታገኝም። የተዋሰው ሰው ሥራውን ሳይጨርስ «መልስልኝ» ማለትም ነውር ነው። እኔ በዚህ ሕግ ተቃውሞ የለኝም። ግን ለወንፊት የወጣ ሕግ ነው፤ አባቶቻችን ያወጡት ጊዜ መኪና አላሰቡም።

መጀመሪያ የመጡት ጋሼ ይማም ናቸው። ጋሼ ይማም አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ፣ የማሽላ ገበሬ፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው ሐሜት እንዳይመስልብኝ ነው። ማሽላቸው እሸት ይዞ ግሪሳ ወርዶበታል። ማማቸው ላይ ቆመው ወንጭፍ ሲያስጮኹ እየዋሉ ክንዳቸው ዝሏል። የመኪናዬን ጡሩምባ አዩ፣ ያን ጭብጥ የሚያህል ጎማ ያለው፣ ሲጨምቁት የሚያናፋውን። «ልጄ፣ ይቺን ነገር ወፉ እስኪነሣ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ግማሹም ተበላ፤ ጡሩምባዬ አልተመለሰም። ወፉ እኮ ተነሣ ብላቸው፣ ዝንጀሮው አለ አሉኝ።

ጡሩምባው በር ከፈተ። አንዷ ጎረቤት የፊት መብራቶቹን መስታወት ወሰደች፤ ሠርግ አለ፣ ሙሽራዋ ሹሩባዋን የምታይበት የለም። አንዱ በሩን ወስዶ ለፍየሎቹ በረት መዝጊያ አደረገው። ሌላው ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ገልብጦ አህያ ማጠጫ ገንዳ አደረገው፤ መቼስ ገንዳ ይመስላል። ኮፈኑን የወሰዱት አማቴ ናቸው። በርበሬ ሊያሰጡበት። ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ይስባል፣ ከዚህ የበለጠ የበርበሬ ማስጫ የለም አሉ።

አማቴን እንግዲህ ተዋወቁ። እኔና አማቴ እንደ ወጉ አንቱ ነው የምንባባለው፤ ዓይን ለዓይንም አንተያይም። ስድቡም በአንቱ ነው የሚመጣው። «ለመሆኑ ልጄን የሰጠሁት ለእርስዎ ነው ወይስ ለዚህ ብረት?» ይሉኛል መሬት መሬት እያዩ። ሴትዮዋ ቤታችን ለጥየቃ መጥተው በዚያው የቆዩ ናቸው። ሚስቴ አስካለ ደግሞ ለማንም አታደላም፤ ዶሮዋ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዕንቁላል ስትጥል አየችና አስታቀፈቻት። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ መኪናውን መንካት ተከለከልኩ። በገዛ መኪናዬ!

እንግዲህ አስቡት። እኔ በአንድ በኩል እጠግናለሁ፣ አገሩ በሌላ በኩል ይፈታል። እኔ አንዱን ቡሎን ሳጠብቅ አንዱ ጎረቤት «እንደምን አደርክ» እያለ ይገባል፤ በዚያን ዘመን «እንደምን አደርክ» የሚለኝን ሰው ሁሉ እፈራ ነበር።

ጥገናውስ በምን ነበር? መለዋወጫ የሚባል ነገር የለ። ቡሎን የጠፋበትን በጠፍር አሰርኩት። ጠፍር የበሬ ቆዳ ነው፤ እርጥቡን ጠቅልለህ ካሰርከው ሲደርቅ ይኮማተርና ከብረት ይጠብቃል፣ ቀንበር የሚታሰርበት ለዚህ ነው። መሪውን በጠፍር፣ በሮቹ የሚንጠለጠሉበትን በጠፍር፣ ሞተሩን ከተቀመጠበት እንጨት ጋራ በጠፍር አሰርኩ። ዘይቱ የኑግ ዘይት ነው። ውስጣቸው ነፋስ የሚይዙት ከመነዳሪዎች በስብሰው ስለነበር ጎማዎቹን በጤፍ ጭድ ጠቀጠቅኋቸው፤ በበነጋው የጎረቤት ላም አንዱን ጎማ አራግፋ በልታ አገኘኋት። ወንበሩን በአዲስ ቆዳ አለበስኩት፣ ጅብ በላው። እንደገና አለበስኩት፣ እንደገና በላው። ጅቡ ለመደኝ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ወንበሩን በሰሌን ሸፈንኩት። እንዲህ እየሆነ መኪናው ግን ቀስ በቀስ ሰው ሆነ። ካርቡራተሩን ፈትቼ በሐር ክር እየሳብኩ አጠራሁት። ካንዴላዎቹን በአመድ አሸሁ። ብርሃኑ ሲመለስበት ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ጣልያን መጣ።

ጣልያን መጥቶ መንገዱ ዳር ሰፈረ። መኪና ያለው ሁሉ ያስረክብ የሚል ዐዋጅ በገበያ ተነገረ። ሰው በትንሽ ነገር ግንድ ላይ ታስሮ የሚገረፍበት ጊዜ ነበር። እኔ መኪናዬን በማሽላ አገዳ ከምሬ ሸፈንኩት፤ ላዩ ላይም ኩበት አሰጣሁበት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥቃይ ይግባችሁ። ሞተሩን አንድ ጊዜ ብቻ ባስነሣው ድምፁ ሰፈሩ ድረስ ይሰማል፣ መኪናዬም ይወሰዳል። ባላስነሣው ደግሞ መኪና ይኑረኝ ወይ የብረት ክምር ይኑረኝ አላውቅም። ከአንድ ከባድ መኪና ሹፌር በማር የለወጥኩት ቤንዚን በቅል ሆኖ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ሞተር ማስነሻውን ማንቬላ ይዤ አገዳው ውስጥ እገባና እንዲሁ በባዶ አዞራለሁ፤ ሆዱ ውስጥ ጉርጉር ሲል አዳምጣለሁ፤ የሚነሣ ይመስለኛል፣ ደግሞ የማይነሣ ይመስለኛል። «ካስነሣኸው» ነው ያሉኝ እኮ፤ «ካሳመርከው» አላሉኝም። ሳላስነሣው የእኔ አይደለም።

አሁን ማን ነገረብኝ በሉ። ቤት ውስጥ «ብረቱ» እያሉ የሚሳደቡት አማቴ፣ ገበያ ወጥተው ከአንዲት የአሊዩ አምባ ነጋዴ ጋራ ሲፎካከሩ፣ አማቼ ባለ መኪና ነው ብለው ኮርተው ኖሯል። ይህን ከሰው ነው የሰማሁት። በፊቴ አንድ ቀን ሳያመሰግኑኝ፣ ገበያ ላይ አመስግነው አስያዙኝ።

አንድ ረፋድ ላይ መኪናው ሥር ተጋድሜ ጠፍር ስወጥር የበራችን ውሻ ጮኸ። አንድ የጣልያን መቶ አለቃ፣ ከኋላው ወታደሮች፣ ከጎኑ አንድ አስተርጓሚ ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ወታደሮቹ አገዳውን ገፈፉት። እኔ ከመኪናው ሥር እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ፤ ያ ሁሉ ዘመን የደበቅሁት ንብረቴ ፀሐይ መታው።

መቶ አለቃው አየ። ኮፈን የለውም። በር የለውም። መብራት የለውም። ከጎማው ጭድ ወጥቷል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋ ቁጭ ብላ መቶ አለቃውን ታየዋለች። ሰውየው መሳቅ ጀመረ፤ ወታደሮቹን እየጠራ እዩልኝ ይላል፤ ዓይኑን በመሐረብ እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ አንድ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው ረጋ ያለ ሰው ነበር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ።

«ይህ መኪና አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው፤ ለዶሮ ቤት ደህና ነው ይላሉ።»

ዞሩ፤ ልብ በሉ፣ ሊሄዱ ነበር። ሦስተኛ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ «ተመስገን በል!» ይለኛል። አስካለም በልቧ ማርያምን እያመሰገነች እንደነበር ነግራኛለች። ግን አማቴ ሳቁ። በነጠላቸው ውስጥ ፍርፍር አሉና አጥሩ ላይ ላሉት ጎረቤቶች «እኔ ስል አልነበረም?» አሉ። ጎረቤቶቹም ሳቁ። ኮፈኔን፣ በሬን፣ መስታወቴን የወሰዱት ራሳቸው፣ ኮፈንና በር የለውም ብለው ሳቁብኝ! እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ደሜ ሲፈላ ተሰማኝ።

«ቆይ በልልኝ» አልኩት አስተርጓሚውን።

«አንተ ሰው፣ ይሂዱ ተዋቸው» አለኝ በሹክሹክታ።

ንገረው አልኩት። ይህ መኪና የፊታውራሪ መኪና መሆኑን ንገረው፤ ቆርቆሮ የሚባለው ምን እንደሆነ አሁን አሳየዋለሁ በለው። አስተርጓሚው ተንፍሶ ነገረው። መቶ አለቃው አልቸኮለም፤ የአስካለን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሲጃራ በሲጃራ ላይ ይለኩስ ጀመር።

እኔ አጥሩ ላይ ወጣሁ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በዚያ አገር ማንም ያላደረገውን አደረግሁ፤ ትውስቴን በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ጮኼ ጠየቅሁ። ወንዱም ሴቱም ደነገጠ። አንዳንዱ እንደተሰደበ ተቆጣ። ግን አመጡ። ፓራፋንጎው ውሃ እያንጠባጠበ መጣ፣ አህያውም ጥሙን አልቆረጠምና ተከትሎት መጣ። በሩ ከበረቱ ተነቅሎ ሲመጣ ፍየሎቹ በነፃነት ወደ ጋሼ ይማም ማሽላ ገቡ። መስታወቶቹ ቅቤ ቅቤ እየሸተቱ መጡ። ኮፈኑን አማቴ በርበሬውን ሳያራግፉ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ጡሩምባው ብቻ ቀረ። ጋሼ ይማም ከማማቸው ወርደው መጥተው፣ ማሽላዬ እሸት ይዞ ግሪሳ ወርዶብኝ፣ ፍየልም ገብቶብኝ፣ እንዴት ብዬ እሰጥሃለሁ አሉኝና ጡሩምባውን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። ሥራቸውን አልጨረሱም፤ ምን ልበል?

ሁሉንም ገጣጠምኩ። በጠፍር፣ በሽቦ፣ በእልህ። ዶሮዋን አስካለ ከነዕንቁላሏ በሰፌድ አነሣቻት። ቅሉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁና ቤንዚኑን አንቆረቆርኩ። ማንቬላውን ያዝኩ። አንዴ አዞርኩ፤ ዝም። ደግሜ አዞርኩ፤ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። አማቴ በረጅሙ ተነፈሱ። በሦስተኛው ትከሻዬ የተነቀለ እስኪመስለኝ አዞርኩት።

ተነሣ።

ወገኖቼ፣ ተነሣ። መጀመሪያ ሳለ፣ ከዚያ አገሳ፣ ከዚያ ጭሱን ለቀቀና መላ አካሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮፈኑ ሲሞቅ የአማቴ በርበሬ ተቃጠለና መቶ አለቃው ጭምር ሁሉም ሰው አስነጠሰ። ድምፁን ማማቸው ላይ የሰሙት ጋሼ ይማም ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ከማሽላው መሐል ጡሩምባውን አናፉልኝ፤ ሞተሩ እግቢዬ፣ ጡሩምባው እርሻ ላይ፣ መኪናዬ በሁለት ቦታ ጮኸ። አስካለ ሳታስበው እልል አለች። እኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። «ይኸው ጌታዬ፣ አስነሣሁት» አልኩ ለፊታውራሪ።

መቶ አለቃው ሲጃራውን ጣለ። ተነሥቶ መኪናዬን ዞረው፣ በእጁ ዳበሰው፣ አንድ ነገር አለ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ ጥሩ መኪና ነው ይላሉ አለኝ። እጅ ነሣሁ። ሲነጥቀኝ እኮ ነው እጅ የነሣሁት። ቀና ስል ሰውየው የዶሮዋ ቦታ ላይ ተቀምጦ መሪውን ይዟል፤ ለመንግሥት ተወስዷል ተባልኩ። አስተርጓሚውን አሳፈረው፣ አጥሬን ጥሶ ወጣ፣ ወታደሮቹ ከኋላው ሮጡ፣ አቧራው ቀረ።

አጥሩ ላይ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ያን ጊዜ አንድም ሰው አልሳቀም። አስካለ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ብቻ አለችኝ። አማቴ ባዶውን ቦታ፣ ጭዱንና የዘይቱን ነጠብጣብ አይተው፣ «ለካስ መኪና ኖሯል» አሉ። ይህን ለመስማት ስንት ጊዜ ስመኝ ኖሬ፣ ስሰማው ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ባለ መኪና የሆንኩት ለአንድ ሲጃራ ዕድሜ ያህል ነው።

ትንሽ ቆይቶ አስካለ ቀና አለችና፣ ትናንት ደጋው ላይ ዘንቦ ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ማደሩን አሰበች። እኔም አሰብኩ። ተያየን። ጠፍር ሲደርቅ ብረት ነው አልኳችሁ፤ ውሃ ሲነካው ግን ተመልሶ ቆዳ ይሆናል፣ ያቺኑ የበሬ ቆዳ። ይህን በእኛ አገር ሞፈር የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። ልነግረው ይገባኝ ነበር የሚሉኝ አሉ። ማን ጠየቀኝ? ንብረቴን ከነጠቀኝ በኋላ አያያዙንም ላስተምረው ነበር?

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መቶ አለቃው ተመልሶ መጣ። በእግሩ ነው። እስከ ወገቡ ርሷል፣ ጫማው ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጫል፣ ባርኔጣው የለም። በሁለት እጁ የመኪናዬን መሪ ይዟል። መሪውን ብቻ። ከኋላው አስተርጓሚው አንዱን በር ተሸክሞ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይታገላል። እሱ እንዳጫወተን፣ ወንዙ መሐል ሲደርሱ መጀመሪያ በሮቹ ሄዱ፣ ከዚያ ኮፈኑ፣ ከዚያ ጎማዎቹ ወደየፊናቸው ዞሩ፤ መቶ አለቃው መሪውን ወደ ቀኝ ቢያዞር መሪው በእጁ መጣለት። ሞተሩ እየተንፏቀቀ ማዶ ወጥቶ፣ ያቺው ግራር ሥር ሲደርስ ተንዘፍዝፎ ዝም አለ።

መቶ አለቃው መሪውን እግሬ ሥር ወረወረውና ጅራፉን ከወገቡ ፈታ። ጮኸ። አስተርጓሚው አሁን አልሳቀም።

«ይህ ነገር ይጠገናል ወይ? እውነቱን ተናገር ይላሉ።»

እንግዲህ የዕድሜ ልኬ ፈተና ይቺ ናት። ይጠገናል ካልኩ መኪናውም እኔም ወደ ሰፈራቸው ልንሄድ ነው፤ እዚያ ገብቶ ስንቱ ቀርቷል። አይጠገንም ለማለት ደግሞ መኪናዬን በገዛ አፌ መስደብ ሊሆንብኝ ነው። እንዲያውም ምኑ ይጠገናል? ምንም አልሆነም እኮ! ውሃ ነክቶት እንጂ! ፀሐይ ላይ ቢውል የሚጠነክር ጠፍር! ወንዝ እያየ ዘሎ የገባ ሹፌር መኪናዬን ሊወቅሰው? ደሜ እንደገና ከጥፍሬ ተነሣ።

«ውሃ እኮ ስለነካው ነው እንጂ...» ብዬ ጀመርኩ።

አስካለ በተረከዟ እግሬን ረገጠችኝ። ይህ አልበቃኝም፣ አፌን ልከፍት ነበር። ያን ጊዜ ከጎኔ፣ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ከአንቱ ወርደው የማያውቁት አማቴ፣ ቀጥ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ «ዝም በል፣ አንተ!» አሉኝ። ደንግጬ ፊታቸውን ሳይ በርበሬ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ለካ ለእኔ ፈርተው ነው።

ጎንበስ ብዬ መሪውን ከእግሬ ሥር አነሣሁ።

«ቆርቆሮ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

አስተርጓሚው ነገረው። መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀና ቃሉን በራሱ ቋንቋ አንድ ጊዜ ደገመው፤ እኔን በጅራፉ ጫፍ ደረቴን ገፋ አድርጎኝ ወጣ። ዳግም ወደ ግቢዬ አልመጣም። ያቺ ቃል ግን ስትወጣ ጉሮሮዬን ቧጥጣኛለች፤ ዛሬም ስናገራት ይሰማኛል። ሰው ሁሉ ነፍስህን አተረፍክ ይለኛል። ነፍሴስ ተረፈች፣ የመኪናዬን ስም ማን ያንሣው?

መኪናውን ከግራሩ ሥር እንደገና ለማምጣት ጠላም ብርዝም አላስፈለገኝም። ሳልጠራቸው መጡ። ውሃው የወሰደውን እየዋኙ አወጡልኝ፤ አህያ ማጠጫ ያደረገው ሰውዬ ራሱ ፓራፋንጎውን ከአሸዋ ውስጥ ቆፍሮ አወጣው። ግቢዬ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ በእጄ አደልኳቸው። በሩን ለፍየሎቹ፣ መስታወቱን ለሙሽሮቹ፣ ኮፈኑን ለአማቴ በርበሬ። ዶሮዋንም ወደ ወንበሯ መለስናት። ጣልያን አገሩን ቢፈትሽ መኪና የሚባል ነገር አያገኝም፤ የሚያገኘው በረትና ገንዳ ነው። ጣልያን በመንገዱ ላይ እያለፈ እያገደመ፣ መኪናዬ በሮቢት ቤት ለቤት ተደብቆ ዘመኑን ጨረሰ።

ጣልያን ሲወጣ ከቤት ቤት ዞርኩ። አንድም ሰው አልተከራከረኝም፤ ሥራችንን ጨርሰናል እያሉ፣ አጥበው፣ መርቀው ሰጡኝ። የቀረኝ ጡሩምባው ብቻ ነበር። ጠፍሩን ስለውጥ፣ ቤንዚን ስፈልግ ክረምቱ አልፎ ማሽላው እሸት ይዞ ነበርና ጋሼ ይማምን ማማቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ ይማም፣ እንግዲህ ጣልያን ሄደ፤ ጡሩምባዬን ቢሰጡኝ» አልኳቸው ከታች ሆኜ።

ማሽላውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጣልያንስ ሄደ» አሉ። «ግሪሳው መቼ ሄደ?»

ጡሩምባውን አናፉት፣ ወፉ ግር ብሎ ተነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ መኪናዬን ይዤ ስወጣ፣ መንገድ ላይ ሰውና ከብት ሲያጋጥመኝ አንገቴን አውጥቼ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያልኩ የምጮኸው ራሴ ነኝ።